«ሄደ»ን በእንግሊዝኛ፦ የ«ጎ» ኃላፊ ጊዜዎች አሠራር

ጎንደር ፒያሳ ላይ ቆሞ «ትላንት ጎርጎራ ሄጄ ነበር» የሚል ሰው፣ ያንኑ በእንግሊዝኛ ሲሞክረው ብዙ ጊዜ የሚወጣው «አይ ዎዝ ዌንት ጎርጎራ» ነው። ችግሩ የመጣው ከስንፍና ሳይሆን ከአማርኛው ነው፤ «ነበር»ን «ዎዝ»፣ «ሄጄ»ን «ዌንት» ብሎ ቃል በቃል ያስቀመጠ ሁሉ እዚያው ይደርሳል። ትክክለኛው «አይ ዌንት ቱ ጎርጎራ የስተርዴይ» ነው። የአማርኛው ግስ የሚያሳየው ጊዜና የእንግሊዝኛው አንድ ለአንድ ስለማይገጥሙ፣ ከግሱ ቅርጽ ሳይሆን ከነገሩ መነሣት ያስፈልጋል፦ መቼ ሄደ? ተመልሷል? ከመሄዱ በኋላ የሆነ ሌላ ነገር አብሮ ይነገራል? ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ የቆሙ ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ እንግሊዝኛውን በፊደላችን የጻፍነው ድምፁ እንዲሰማ ነው። እናንተ ግን ደብተራችሁ ላይ በራሱ ፊደል ጻፉት፤ የፈተና ነጥብ የሚሄደው ብዙ ጊዜ በአጻጻፍ ነው።

1ኛ፦ አምስቱን ቅርጾች ያዙ

«ጎ»፣ «ጎዝ»፣ «ጎኢንግ»፣ «ዌንት»፣ «ጎን»። ትምህርት ቤት ቪ ዋን፣ ቪ ቱ፣ ቪ ስሪ ተብለው የሚጠኑት «ጎ»፣ «ዌንት»፣ «ጎን» ናቸው። «ጎን» የሚጻፈው በጂ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኢ ነው፤ መጨረሻዋ ኢ አትነበብም። «ጎኢንግ» ላይ ግን ኦ እና አይ ሁለቱም ይጻፋሉ። «ጎድ» ወይም «ጎኢድ» የሚባል ኃላፊ ጊዜ የለም።

«ዌንት» ከ«ጎ» ጋር ምንም ፊደል የማይጋራው ከሌላ ግስ የመጣ ስለሆነ ነው። «ዌንድ» የሚባል፣ መንገድን ይዞ መጓዝ ማለት የነበረ ግስ ነበር፤ «ዌንት» የእሱ ኃላፊ ጊዜ ነበረ። የ«ጎ» የጥንት ኃላፊ ቅርጽ ከአገልግሎት ሲወጣ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ «ዌንት» ቦታውን ጠቅልሎ ያዘ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «መጣ» የሚለው ግስ ትእዛዙ «ምጣ» ሳይሆን «ና» ነው፤ «ነው»ም ኃላፊ ሲሆን «ነበር» ይሆናል። ማንም ልጅ «ና»ን በሕግ አልተማረውም፤ ሰምቶ ያዘው። «ዌንት»ንም እንዲሁ ያዙት።

ድምፁ ላይ ጥቂት ቆዩ። «ዌንት» (ሄደ)፣ «ዎንት» (ፈለገ የሚለው ግስ መነሻ) እና «ዎውንት» (አያደርግም፣ «ዊል ኖት» ሲያጥር) ሦስት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። «ዌ»ን ስትሉ ከንፈር ከክብነቱ ወደ ጎን ይከፈታል፤ «ዎ» ላይ ክብ እንደሆነ ይቆያል። ሦስቱን በተከታታይ አሥር አሥር ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉ። «ሂ ዌንት» ያለው ሰው «ሂ ዎውንት» ተብሎ ከተሰማ ትርጉሙ ከ«ሄደ» ወደ «እምቢ፣ አያደርገውም» ይዞራል።

2ኛ፦ ጊዜው ከታወቀና ካለፈ «ዌንት»

ትላንት፣ ባለፈው ቅዳሜ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ በ2010፤ የተቆረጠ ያለፈ ጊዜ ካለ መልሱ «ዌንት» ነው፣ አለቀ። አማርኛው ሄድኩ፣ ሄድሽ፣ ሄደች፣ ሄዳችሁ እያለ ሲለዋወጥ እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህም አድራጊውን ስም ወይም ተውላጠ ስም መጣል አይቻልም። «ትላንት ሄድኩ» ላይ ማን እንደሄደ «ኩ» ይነግረናል፤ «የስተርዴይ ዌንት» ላይ ግን ማንም የለም። «አይ»፣ «ሺ»፣ «ዜይ» የግድ ይቀድማል።

አክብሮት ላይ ተጠንቀቁ። «አባቴ ሄዱ» ሲባል ግሱ የብዙ ቁጥር ይመስላል እንጂ ሰውዬው አንድ ናቸው። «ማይ ፋዘር፣ ዜይ ዌንት» ካላችሁ ሰሚው ሌሎች ሰዎችን መፈለግ ይጀምራል። «ሂ ዌንት» ማለት በእንግሊዝኛ ነውር የለበትም፤ ለአፄ ቴዎድሮስም ቢሆን «ሂ» ነው።

«ወደ»ም ሌላ ወጥመድ ናት። እኛ «ጎርጎራ ሄድኩ» ብለን «ወደ»ን እንተዋለን፤ እንግሊዝኛው ግን «ዌንት ቱ ጎርጎራ» ይላል። በተቃራኒው «ሆም» እና «ዜር» (እዚያ) ፊት «ቱ» አይገባም፦ «ሺ ዌንት ሆም»፣ «ዊ ዌንት ዜር»። ገበያ ከሆነ «ቱ ዘ ማርኬት»፣ ለትምህርት ወይም ለቅዳሴ ከሆነ ያለ «ዘ»፣ «ቱ ስኩል»፣ «ቱ ቸርች»።

ከውጭ ሰው ጋር የምትነጋገሩ ከሆነ ሰዓቱንና ዓመቱንም መልሱ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሄደ ሰው «አት ናይን» ነው የሄደው። ዓመተ ምሕረት ላይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል፤ መስከረም 2010 ማለት ለእነሱ 2017 ነው። ሰዋስው ልክ ሆኖ ዓመቱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከቀረ ትረካው ሁሉ ይዛነፋል። ጎንደር የተቆረቆረችበት 1628 ዓ.ም. ለጎብኚው 1636 ነው።

ለአስጎብኚዎች ደግሞ አንድ ነገር መጨመር ግድ ይላል። ፋሲል ግቢ ውስጥ ቆማችሁ «ጀምስ ብሩስ ዌንት ቱ ጎንደር ኢን 1770» ማለት ጆሮ ይጎረብጣል። ተናጋሪው ጎንደር ላይ ስለሆነ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ብሩስ ወደ እሱ ነው የመጣው፤ ስለዚህ «ኬም ቱ ጎንደር» ይባላል። ከዚህ ተነሥቶ የዓባይን ምንጭ ሊያይ ሲጓዝ ግን «ኢን ኖቬምበር 1770፣ ሂ ዌንት ቱ ግሽ ዓባይ»። ግሱን የሚመርጠው የቆማችሁበት ቦታ ነው፤ በዚህ ረገድ አማርኛውም እንግሊዝኛውም አንድ ናቸው።

3ኛ፦ አሉታና ጥያቄ

«አልሄድኩም» «አይ ዲድ ኖት ጎ» ነው፤ በንግግር «ዲድንት ጎ»። «ሄድሽ?» ደግሞ «ዲድ ዩ ጎ?» ይሆናል፤ ሲፈጥን «ዲጁ ጎ?» ይመስላል።

«ዲድንት ዌንት» ለምን ይበዛል? አማርኛ «አልሄደም» ሲል «አል...ም»ን ከፊትና ከኋላ ጨምሮ መካከል ላይ ያለውን የኃላፊ ግስ አይነካውም። እንግሊዝኛ ግን የኃላፊ ጊዜ ምልክቱን ለአንድ ግስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፤ «ዲድ» ከያዘው ግሱ ወደ መነሻው ይመለሳል። ለማረም ቀላሉ መንገድ፦ ከጻፋችሁ በኋላ «ዲድ» ያለበትን ሁሉ አስምሩበት፣ ቀጥሎ የመጣው ግስ «ጎ» ካልሆነ አርሙ።

«ማን ሄደ?» ለብቻው ነው፦ «ሁ ዌንት?»። የሚጠየቀው አድራጊው ራሱ ሲሆን «ዲድ» አይገባም።

4ኛ፦ «ሄዷል» እና የ«ተመልሷል ወይ?» ጥያቄ

የቅርብ ኃላፊው «ሄዷል» ብዙ ጊዜ «ሃዝ ጎን» ነው። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ደባርቅ» ስትሉ ሴትዮዋ አሁን እዚህ የለችም፤ ወይ መንገድ ላይ ናት ወይ ደባርቅ ገብታለች። ሄዳ ከተመለሰች «ጎን» ይወድቅና «ቢን» ይተካዋል፦ «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ደባርቅ»። አማርኛ ይህን ልዩነት የሚገልጸው በሌላ ግስ ነው፤ «ደባርቅ ሄዳ ታውቃለች» እንላለን። «ታውቃለች»ን «ኖውስ» ብሎ መተርጎም ፈጽሞ አይሆንም። «ሰሜን ተራሮች ሄደህ ታውቃለህ?» «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ዘ ሲምየን ማውንቴንስ?» ነው።

ስለ ራሳችሁ ስትናገሩ ይህ ይበልጥ ይታያል። «አይ ሃቭ ጎን ቱ ባሕር ዳር» የሚለውን ጎንደር ላይ ቆሞ መናገር አይቻልም፤ ከሄዳችሁ እንዴት እዚህ ሆናችሁ ትናገራላችሁ? ትክክሉ «አይ ሃቭ ቢን»።

እዚህ ቅርጽ ላይ የተቆረጠ ያለፈ ጊዜ አይጨመርም። «ሺ ሃዝ ጎን የስተርዴይ» ስሕተት ነው፤ «የስተርዴይ» ሲመጣ ወደ 2ኛው ደረጃ ተመልሳችሁ «ዌንት» በሉ። ስንት ጊዜ እንደሄዳችሁ መናገር ግን ይቻላል፦ «አይ ሃቭ ቢን ዜር ስሪ ታይምስ»።

አሉታው ላይ አማርኛ ያደናግራል። «ሄደ»ም «ሄዷል»ም አሉታቸው ያው «አልሄደም» ነው። ስለዚህ ጎን ያለውን ቃል እዩ። «ትላንት አልሄደም» «ዲድንት ጎ»፣ «ገና አልሄደም» ደግሞ «ሃዝንት ጎን የት»። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ለሁለተኛው «ዲድንት ጎ የት» ሊሉ ይችላሉ፤ የእነሱ ልማድ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም። ለፈተና ግን የመጀመሪያውን ያዙ።

5ኛ፦ ትልቁ ወጥመድ፣ «ሄዶ ነበር»

ሰዋስው መጻሕፍት የሩቅ ኃላፊ ይሉታል፤ ተማሪውም «ሃድ ጎን» ነው ብሎ ይሸመድደዋል። ግማሽ እውነት ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ «ሄጄ ነበር» የምንለው ብዙ ጊዜ ሄደን መመለሳችንን ለማሳየት ብቻ ነው። «ትላንት የት ነበርሽ?» «አዘዞ ሄጄ ነበር።» እዚህ መልስ ላይ ሁለተኛ ድርጊት የለም፤ እንግሊዝኛው «አይ ዌንት ቱ አዘዞ» ነው። «አይ ሃድ ጎን ቱ አዘዞ» ብላችሁ ብታቆሙ ሰሚው «እና ከዚያስ?» እያለ ይጠብቃል፤ «ሃድ ጎን» ሁልጊዜ ከኋላው የሚከተል ሌላ ያለፈ ነገር አለ ማለት ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱን ያለፉ ድርጊቶች በመስመር ላይ አስቀምጡ፤ ቀድሞ የሆነው «ሃድ ጎን»፣ በኋላ የሆነው ተራ ኃላፊ። «መናኸሪያ ስንደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር» የሚለው «ዌን ዊ ሪችድ ዘ ባስ ስቴሽን፣ ዘ ባስ ሃድ ጎን» ይሆናል፤ አውቶቡሱን አላገኘነውም። አሁን «ሃድ ጎን»ን በ«ዌንት» ተኩት፦ «ዌን ዊ ሪችድ ዘ ባስ ስቴሽን፣ ዘ ባስ ዌንት»። ይኸኛው ልክ እኛ ስንደርስ አውቶቡሱ ተነሥቶ ሄደ ማለት ይሆናል። አንድ ቃል ተለውጦ ታሪኩ ተለወጠ።

«ቢን»ም እዚህ ይሠራል። ብሩስ የዓባይን ምንጭ በማየት እኔ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነኝ ይል ነበር። ነገር ግን ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ቦታውን አይቶት ነበር። ይህን ለጎብኚ ስትናገሩ፦ «ዌን ብሩስ ዌንት ቱ ግሽ ዓባይ፣ ፓኤዝ ሃድ ኦልሬዲ ቢን ዜር»። ፓኤዝ ሄዶ ተመልሶ ነበርና «ጎን» አይደለም።

«ቢፎር» እና «አፍተር» ካሉ ቅደም ተከተሉን ቃሉ ራሱ ስለሚናገር «ዌንት» ብቻውን ይበቃል። «አፍተር ሺ ዌንት፣ ዊ ኤት» ምንም አይጎድለውም። «ሃድ»ን በየቦታው መርጨት ጽሑፍን ያከብዳል፤ ሳያስፈልግ አታስገቡት።

6ኛ፦ «ይሄድ ነበር» ሦስት ነገር ነው

መጀመሪያ፣ የተወ ልማድ። «ልጆች ሆነን አንገረብ ወንዝ እንሄድ ነበር» «ዊ ዩዝድ ቱ ጎ ቱ ዘ አንገረብ ሪቨር» ይሆናል። በአሉታ «ዲድንት ዩዝ ቱ ጎ» ሲባል የ«ዩዝድ» ዲ ከጽሑፉ ትወጣለች፤ ምክንያቱ 3ኛው ደረጃ ላይ ያየነው የ«ዲድ» ሕግ ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ ቅጽበት በመካሄድ ላይ የነበረ ጉዞ፤ አማርኛው ብዙ ጊዜ «እየሄደ ነበር» ይላል። ለአንድ ሰው «ዎዝ ጎኢንግ»፣ ለብዙ እና ለ«ዩ» «ዌር ጎኢንግ»። «በከተራ ታቦቶቹ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ እየሄዱ ሳለ ስልኬ ጠፋ» የሚለው «ዋይል ዘ ታቦትስ ዌር ጎኢንግ ቱ ዘ ባዝ፣ አይ ሎስት ማይ ፎን» ነው። ረጅሙ ድርጊት «ዌር ጎኢንግ»፣ መሀል ገብቶ ያቋረጠው አጭሩ ተራ ኃላፊ። ታቦቶቹ በየዓመቱ ይሄዳሉ ለማለት ከፈለጋችሁ ግን ኃላፊ አያስፈልግም፤ «ጎ ኤቭሪ ይር» ነው። ያየነውን ስንተርክ ሳናስበው ወደ «ዌንት» ስለምናመራ ይህን ማስተዋል ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሊሆን ይችል የነበረ ግን ያልሆነ። «ቢነግሩኝ ኖሮ እሄድ ነበር»፦ «ኢፍ ዜይ ሃድ ቶልድ ሚ፣ አይ ውድ ሃቭ ጎን»። «ኖሮ» ከተሰማ ይህን ቅርጽ አምጡ።

ከዚህ ጋር የምትሄድ አንዲት ሐረግ አለች፣ «መሄድ ነበረብኝ»። ግዴታ ሆኖብኝ ሄድኩ ማለት ከሆነ «አይ ሃድ ቱ ጎ»፤ መሄድ ሲገባኝ ቀረሁ ከሆነ «አይ ሹድ ሃቭ ጎን»። አማርኛው ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ከመተርጎማችሁ በፊት «ሄጃለሁ ወይስ ቀርቻለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሹድ ሃቭ ዌንት» የሚሉ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም አሉ፤ በጽሑፍ ግን ስሕተት ተብሎ ይታረማል።

«ሊሄድ ነበር» ደግሞ «ዎዝ ጎኢንግ ቱ ጎ» ነው፤ አስቦ ቀረ።

7ኛ፦ ኃላፊ መስለው ኃላፊ ያልሆኑ

ከቤት ስንወጣ «በቃ ሄድኩ» እንላለን፤ ገና እግራችን ደጃፍ ላይ ነው። ይህ «አይ ዌንት» አይደለም፤ «አይም ኦፍ» ወይም «አይም ጎኢንግ» ነው። አንድ ሰው አስቀምጠን ስንወጣ «መጣሁ!» የምንለውም «አይ ኬም» ሳይሆን «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ፊት «አይ ኬም» ብሎ የወጣ አስተናጋጅ እንግዳውን ግራ ያጋባል።

«ነገ ከሄድክ ደውልልኝ» ላይም «ሄድክ» አለ፤ ነገሩ ግን ነገ ነው። «ኢፍ ዩ ጎ ቱሞሮው፣ ኮል ሚ»። «ከ» ከኃላፊ ግስ ፊት ስትመጣ ወደፊት ሊሆን የሚችልን ነገር ልትናገር ስለምትችል የጊዜ ቃሉን ተመልከቱ።

ሌላው የቤታችን «ሄደ» ነው። «መብራት ሄደ» «ዘ ፓወር ዌንት አውት» ይባላል፤ «አውት» ካልተጨመረ መብራቱ እግር አውጥቶ የተጓዘ ያስመስለዋል። ሲመጣ «ኬም ባክ» ነው። «ጤፍ ጨመረ» ላይ አማርኛው «ሄደ» አይልም፣ እንግሊዝኛው ግን «ዘ ፕራይስ ኦቭ ጤፍ ዌንት አፕ» ይላል። ወተት ሲበላሽ «ዌንት ባድ»፤ ካለቀ «ዘ ሚልክ ኢዝ ጎን»። ፈተና ሰጥታችሁ ስትወጡ «ሃው ዲድ ኢት ጎ?» ከተባላችሁ «እንዴት ነበር?» ማለት ነው እንጂ የሄደ ሰው የለም፤ መልሱ «ኢት ዌንት ዌል» ነው።

8ኛ፦ ልምምድ

ለሁለት ሳምንት በየማታው ስድስት ዐረፍተ ነገር፣ ሁሉም በ«ሄደ»፣ ሁሉም በእውነት ከዋላችሁበት ነገር። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉ፤ ከጎኑ «መቼ? ተመለሰ? ሌላ ድርጊት አለ?» የሚሉትን በአጭሩ መልሱ፤ እንግሊዝኛውን የምታመጡት ከዚያ በኋላ ነው። መካከለኛውን እርምጃ የሚዘልል ሰው ወደ «ዎዝ ዌንት» ይመለሳል። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ለመጀመሪያው ማታ እነዚህን ሞክሩ፤ መልሱን በወረቀት ሸፍኑ።

እናቴ ቅዳሜ ገበያ ሄደዋል፣ አልተመለሱም። — «ማይ ማዘር ሃዝ ጎን ቱ ቅዳሜ ገበያ»።

ባለፈው ዓመት ቁስቋም ሄደን ነበር። — «ዊ ዌንት ቱ ቁስቋም ላስት ይር»።

ላሊበላ ሄጄ አላውቅም። — «አይ ሃቭ ኔቨር ቢን ቱ ላሊበላ»።

ለምን አልሄዳችሁም ትላንት? — «ዋይ ዲድንት ዩ ጎ የስተርዴይ?»

ስደውልላት ተኝታ ሳይሆን ወደ አዘዞ እየሄደች ነበር። — «ዌን አይ ኮልድ ኸር፣ ሺ ዎዝንት ስሊፒንግ፤ ሺ ዎዝ ጎኢንግ ቱ አዘዞ»።

ሐኪም ቤት መሄድ ነበረብህ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥክ። — «ዩ ሹድ ሃቭ ጎን ቱ ዘ ሆስፒታል»።